ሰማዩን የሚያነብ ማን ነው? የሕዋ ሳይንስ ትምህርት ወደ አገራችን የመጣበት መንገድ

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና ምድር፣ ታይዩዋን ከሚባለው ጣቢያ አመጠቀች። ስሟ ኢቲአርኤስኤስ-1 ነው። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ማለትም ከአንድ ጎልማሳ ሰው ብዙም የማይበልጥ ነበር። ከምድር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ እየዞረች እርሻውን፣ ደኑንና ውሃውን ፎቶ እንድታነሳ ነው የተሠራችው። እንጦጦ ላይ ባለሥልጣናትና ሳይንቲስቶች ተሰብስበው በቀጥታ ሥርጭት ተመለከቱ፤ አጨበጨቡ። በየቡናው ላይ የነበረው ወሬ ግን የተለያየ ነበር። «ዳቦ ሳንጠግብ ሳተላይት!» ያለ ነበር፤ «እሰይ፣ እኛስ ከማን እናንሳለን» ያለም ነበር። የእኛ እናቶች ጥያቄ ከሁለቱም የተለየና የሚበልጥ ይመስለኛል፦ ይህ ነገር ለእኛ ልጆች ምን ያመጣል?

የሕዋ ታሪክ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ሮኬቱ ነው። ሮኬቱ ግን ሥራውን በደቂቃዎች ይጨርሳል። ከእሱ በፊትም በኋላም ያለው ረጅሙ ሥራ ትምህርት ነው፤ ማን ተማረ፣ ማን አስተማረ፣ ማንስ ከፈለ የሚለው ነው። እኔም ለብዙ ዓመት ጠመኔ የያዝኩ ሰው ስለሆንኩ ለመጽሔታችን የምጽፈው በዚያው በኩል ያለውን ታሪክ ነው። የፈረንጅ ዘመን ስጠቅስ «እ.ኤ.አ.» እላለሁ፤ የቀረው በእኛ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1949 ዓ.ም. ክረምት ነው። የዚያን ጊዜ የዓለም ሳይንቲስቶች «ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት» ብለው ምድርንና በዙሪያዋ ያለውን ሕዋ ከየአገሩ በአንድ ጊዜ ለመለካት ተስማሙ። ኢትዮጵያ በዚህ ሥራ የተፈለገችው በሀብቷ ሳይሆን በቦታዋ ነው። ምድር እንደ ትልቅ ማግኔት ናት፤ ማግኔቱም የራሱ ወገብ አለው። በዚያ ወገብ ላይ እንደ ልቡ እንዲዞር የተንጠለጠለ የማግኔት መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ጠፍጣፋ ይቆማል። ያ መስመር ከአዲስ አበባ ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ ተቋቋመ። ጣቢያውን ያቋቋሙት ፒየር ጉዌን የሚባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበሩ። የመሬት መንቀጥቀጥንና የማግኔት መለዋወጥን ለዓመታት ሲመዘግቡ ኖረው፣ በኋላ የኢትዮጵያንና የአካባቢዋን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በትልቅ መጽሐፍ አሳትመዋል።

በዚያው ዘመን፣ መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም.፣ ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን አመጠቀች። ከእግር ኳስ የምትተልቅ ድቡልቡል ብረት ናት። አሜሪካኖች ደነገጡ። በዚያው በ1950 ዓ.ም. ሁለት ሕጎች አወጡ፤ አንዱ ናሳን ያቋቋመ፣ ሁለተኛው ለሒሳብ፣ ለሳይንስና ለውጭ ቋንቋ ትምህርት የመንግሥት ገንዘብ የፈቀደ። ይህን ልብ በሉልኝ። ሌላው ቀድሟቸው ሰማይ ሲወጣ፣ እነሱ ሮኬት ከመሥራት ጎን ለጎን የሮጡት ወደ ትምህርት ቤት ነው።

የሁለቱ ኃያላን ፉክክር እኛም አገር ደረሰ። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1963 የተከፈተውን የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ረድተው አሠሩ። ከዚያ ትምህርት ቤት ከወጡት አንዱ ቦንጋ የተወለደው ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ ነው። ወደ ጃፓን፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄዶ ተማረ፤ በናሳና በቦይንግ የሕዋ ሥራዎች ላይ ሠርቶ ስሙ ተጠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 አረፈ። ሶቪየቶች በከፈቱት ደጃፍ ገብቶ ለአሜሪካ ሕዋ መሥራት፣ የዚያ ዘመን ነገር ሲያስቡት ያስቃል።

አሜሪካኖቹም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ደብረ ዘይት፣ ዛሬ ቢሾፍቱ በምንለው ከተማ፣ ቤከር-ነን የሚባል ግዙፍ ካሜራ ተከሉ። ጣቢያው የስሚዝሶኒያን የአስትሮፊዚክስ ተቋም ነው፤ ለሥራው ገንዘብ የሚሰጠው ናሳ ነበር። ካሜራው በሌሊት የሚያልፈውን ሳተላይት ከከዋክብቱ ጋር አብሮ በፊልም ይቀርጸዋል። የከዋክብቱ ቦታ ስለሚታወቅ ሳተላይቱ በዚያች ቅጽበት የት እንደነበረ በትክክል ይሰላል፤ ከብዙ አገር የተሰበሰበው ስሌት ደግሞ ምድር ድቡልቡል ብትሆንም የት የት ጎበጥ ጎደጎድ እንደምትል ያሳያል። ፊልሙ ግን የሚመረመረው አሜሪካ ውስጥ ነበር። ሰማዩ የእኛ፣ ሌሊቱ የእኛ፣ ንባቡ የሌላ።

እነዚህን ሁለት ጣቢያዎች ሳነጻጽር አንድ ነገር ይታየኛል። የቢሾፍቱው ካሜራ ዛሬ የለም። የአዲስ አበባው ጣቢያ ግን ከመማሪያ ክፍል ጋር ተሳስሮ ስለተተከለ፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የስፔስ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተማሪ ያስተምራል። መሣሪያ ያረጃል፤ ተማሪ ግን ሌላ ተማሪ ይወልዳል።

ስለ ደርግ ዘመን ብዙ አልልም። የሕዋው ነገር በሶቪየት የነጻ ትምህርት ዕድል ከሄዱት ሰዎች በቀር እምብዛም አልተነቃነቀም። ለእኛ ለሴቶቹ ግን በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከማንኛውም ሳተላይት ይበልጥ ነበር። ዛሬ ከማኅበራችን አንጋፋ አባላት መካከል ስማቸውን በዚያ ዘመቻ መጻፍ የቻሉ አሉ። አንድ አገር ሕዋ የሚደርሰው ከዚያ ነው የሚጀምረው።

እዚህ ላይ ጥቂት ወደ ህንድ ልውሰዳችሁ፤ የእናቶቹን ጥያቄ በደንብ የመለሰ አገር ስለሆነ ነው። የህንድ የሕዋ ፕሮግራም አባት የሚባሉት ቪክራም ሳራባይ «ድሃ አገር ሮኬት ምን ያደርግለታል» ሲባሉ የሚሟገቱት ለመንደሩ ሰው እንደሚጠቅም በማሳየት ነበር። እሳቸው ከሞቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1975 እስከ ሐምሌ 1976፣ የህንድ የሕዋ ድርጅት ከናሳ ኤቲኤስ-6 የሚባል ሳተላይት ለአንድ ዓመት ተውሶ 2,400 ለሚሆኑ መንደሮች ትምህርት በቴሌቪዥን አሠራጨ። ብዙዎቹ መንደሮች ከዚያ በፊት ቴሌቪዥን አይተው አያውቁም። ጠዋት ለልጆች የሳይንስ ትምህርት፣ ማታ ለአዋቂዎች ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ይተላለፍ ነበር፤ መምህራንም በዚያው መንገድ ሠለጠኑ። የመንደሩ ሰው፣ ሴቱም ሕፃኑም፣ በአንድ ቴሌቪዥን ዙሪያ መሬት ላይ ተቀምጦ ያያል። የሚገርመው፣ ያ ሳተላይት የቆመው በህንድ ሰማይ ላይ አልነበረም። 35 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ፣ በኬንያ ሰማይ ነበር የቆመው። አዲ አርቃይ ያለችው 38 ዲግሪ አካባቢ ነው። የህንድን መንደር ያስተማረው መሣሪያ ከራሳችን በላይ ብዙም ሳይርቅ ቆሞ ነበር ማለት ነው፤ እኛ ግን መቀበያ ሳህኑም ትምህርቱም አልነበረንም።

እኛ ዘንድ ከሳተላይት የወረደ ትምህርት የመጣው 30 ዓመት ገደማ ዘግይቶ፣ በ1997 ዓ.ም. ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ፕላዝማ ነው። በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ሳህን ተተከለ፣ በየክፍሉ ትልልቅ ስክሪን ተሰቀለ፤ ሒሳቡም ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ ከሰማይ ወረደ። ልጆቻችን ያንን ዘመን ሲያወሩ እስከ ዛሬ ይስቃሉ። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን ስክሪኑ ይወስደዋል፤ ለአስተማሪው የምትቀረው መግቢያና መዝጊያ ናት። ቋንቋው ፈጣን ነው፤ «አሁን ጥያቄውን ሥሩ» ይልና መልሱን የሚነግረው ልጁ ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ ነው። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አለፈ፣ አይመለስም። አስተማሪውም በገዛ ክፍሉ እንደ እንግዳ ጥግ ይዞ ይቆማል።

ሁሉም ግን ክፉ አልነበረም። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ቀለማቸው ሲለወጥ፣ ፔንዱለም ሲወዛወዝ ያየችው በዚያ ስክሪን ነው። ከዚያ በፊት ፊዚክስ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያለ ቃል ብቻ ነበር። የፕላዝማው ጉድለት፣ በእኔ ፍርድ፣ ከሰማይ መምጣቱ አይደለም። ህንዶቹ ሳተላይቱን ሲዋሱ መምህሩንም አብረው አሠልጥነዋል፤ እኛ ዘንድ ስክሪኑ መጣ፣ መምህሩ ወደ ጎን ተገፋ።

ፕላዝማው በተተከለበት ዘመን አዲስ አበባ ላይ ሌላ ነገር ተጸንሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ጥቂት ሰዎች የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲን አቋቋሙ። ከመካከላቸው ለብዙ ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩት ዶክተር ለገሠ ወትሮ ይጠቀሳሉ፤ አቶ ተፈራ ዋልዋ ሶሳይቲውን በሊቀ መንበርነት መርተዋል፤ ዶክተር ሰለሞን በላይም በኋላ የመንግሥቱን ኢንስቲትዩት በዋና ዳይሬክተርነት መርተዋል። መሥራቾቹ በዚያን ጊዜ እንደ እብድ ይቆጠሩ እንደነበር ራሳቸው ይናገራሉ። ሰው በድርቅ እየተቸገረ ስለ ከዋክብት ማውራት ለብዙዎች ነውር ነበር የሚመስለው። እንግዲህ ከዋክብት መቁጠር ለዚህ አገር እንግዳ ሆኖ አይደለም፤ በየአብነት ትምህርት ቤቱ የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት ቆጥሮ ጾምና በዓል የሚያወጣው ባሕረ ሐሳብ ስንት ዘመኑ ነው! ግን ያ ዕውቀት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ከወንድ ወደ ወንድ ነው። ሴት ልጅ የደብሩን ቅጥር ብትጠርግም ባሕረ ሐሳብ አልተማረችም።

አሁን ወደ ሰፈራችን ቀረብ እንበል። እ.ኤ.አ. በ2007 «ዓለም አቀፍ የሄሊዮፊዚክስ ዓመት» ተባለ፤ የ1949ኙ ዘመቻ 50ኛ ዓመት መሆኑ ነው። በተባበሩት መንግሥታት፣ በናሳና በሌሎችም ድጋፍ ፀሐይ በምድር ላይ የምታደርሰውን ለውጥ የሚለኩ ትንንሽ መሣሪያዎች ወደ ታዳጊ አገሮች እንዲላኩ ተወሰነ። ስምምነቱ እንዲህ ነበር፦ መሣሪያውን የሚሰጠው የሠራው ሳይንቲስት ነው፤ ተቀባዩ አገር ቦታውን፣ መብራቱንና የሚሠራውን ሰው ያቀርባል፤ ከመረጃው ሁለቱም ይማራሉ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ የሕዋ አየር ጠባይ የሳይንስና የትምህርት ዐውደ ጥናት ተካሄደ።

ከዚህ የተወለደው አንዱ ሥራ አምበር ይባላል። መሪው ኢትዮጵያዊው ዶክተር እንዳወቀ ይዘንጋው ነው፤ አውስትራሊያ ተምሮ አሜሪካ የሚሠራ ሳይንቲስት። የምድርን ማግኔት የሚለካ ማግኔቶሜትር በአልጄሪያ፣ በካሜሩን፣ በናሚቢያ፣ እኛ አገር ደግሞ አዲግራት ላይ ተተከለ። አዲግራት ለምን? አዲስ አበባ ያለው የጥንቱ መሣሪያ በማግኔቱ ወገብ አጠገብ ነው፤ አዲግራት ከወገቡ ወደ ሰሜን ራቅ ትላለች። ከምድር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በወገቡ መስመር፣ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይሮጣል። የወገቡ መሣሪያ ያንን ፍሰት በደንብ ይሰማዋል፤ የአዲግራቱ እምብዛም አይሰማውም። የሁለቱን ልዩነት ስታሰሉ የፍሰቱን ጉልበት ታገኛላችሁ። ፍሰቱ ሲለዋወጥ የላይኛው አየር ይታወካል፣ የጂፒኤስ ምልክትም ይዛባል። ከአዲ አርቃይ ማይ ጸብሪን፣ ሽሬን ይዞ የሚሄደው መንገድ ማዶ ላይ የነበረ ሥራ ነው ይህ። አባ ጉዌን የጀመሩት መለካት ከ50 ዓመት በኋላ በኢትዮጵያዊ እጅ ተቀጠለ።

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በፊንላንድ በራዳር ፊዚክስ የሠለጠኑት ዶክተር ባይሌ ዳምጤ በዚህ ዘርፍ ተማሪዎች እንዲፈሩ አደረጉ፤ በኋላ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆነዋል። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ አቅጣጫ የለወጠው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ መሣሪያ ሲመጣ «ስንት ሰው ያሠለጥንልናል?» ተብሎ መጠየቅ ተጀመረ።

እንጦጦ የዚህ ውጤት ነው። በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ መስታወታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለው እ.ኤ.አ. በ2015 ተመረቀ። አብዛኛውን ገንዘብ የሰጡት ሼህ መሐመድ አል አሙዲ ናቸው፤ መንግሥት በሙሉ ልቡ የገባው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በመንግሥት ተቋቋመ፤ በአስትሮኖሚ፣ በስፔስ ሳይንስ፣ በሪሞት ሴንሲንግና በጂኦዴሲ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎችን ይዞ። ለከዋክብት ምልከታ የአዲስ አበባ መብራትና ደመና እንደማይመች ያኔም ይታወቅ ነበር፤ ላሊበላ አጠገብ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ የተሻለ ጣቢያ ለመሥራት ጥናት ተደርጓል። የእኛን ስሜን ተራራ ምን አለበት የምትሉ ትኖራላችሁ። ከፍታ ብቻውን አይበቃም፤ መንገድ፣ መብራትና የጠራ ሌሊት ያስፈልጋል፤ ፓርኩም የዋልያውና የቀይ ቀበሮው ቤት ነው።

ከእንጦጦ ሰዎች አንዷን ለይቼ ላንሳ። ሚርያና ፖቪች የምትባል ሰርቢያዊት አስትሮኖመር ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 መጥታ በኢንስቲትዩቱ ማስተማር ጀመረች፤ የአስትሮኖሚውን ክፍል መራች። ከምርምሯ ጎን የኢትዮጵያ ልጃገረዶች ወደ ሳይንስ እንዲገቡ ትደክም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ኔቸር የተባለው ታዋቂ የሳይንስ መጽሔት አሳታሚዎች ለሳይንቲስት ሴቶች ያዘጋጁትን ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጡ ተሸላሚዋ እሷ ሆነች። ከውጭ መጥታ ያየችው ነገር ለእኛ ግልጽ ነው፦ ለዶክትሬቱ የምትደርሰው ልጅ የምትጠፋው ዩኒቨርሲቲ ላይ አይደለም፣ ከዚያ ብዙ ቀድማ ነው።

ሳተላይቷም ስትሠራ ዋናው ድርድር ሥልጠናው ነበር። በወቅቱ እንደተነገረው ወጪው 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን 6 ሚሊዮኑን የሸፈነችው ቻይና ናት። ወደ 20 የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ከቻይናውያኑ ጋር አብረው እየሠሩ ተማሩ፤ የመቆጣጠሪያ ጣቢያው እንጦጦ ላይ ተተከለ፣ ትእዛዝ የሚሰጧትም እነሱ ሆኑ። ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ሁለተኛ፣ ከ9 ኪሎ የማትበልጥ ትንሽ ሳተላይት ተከተለች። ሳተላይቶች ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ የመጀመሪያዋ የታቀደላት ሁለት ዓመት ነበር። ቡና ላይ «ብሩ ሰማይ ላይ ቀረ» የሚለው ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው፦ ብረቱ ሰማይ ላይ ቀረ፣ መሐንዲሶቹ ግን ምድር ላይ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ኢንስቲትዩቱ የጥንቱ የካርታ ሥራ ድርጅት ከነበረው መሥሪያ ቤት ጋር ተዋሕዶ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሆነ። ይህ ውሕደት ለብዙ ሰው የቢሮ ነገር ነው። ለእኛ ለገጠር ሴቶች ግን ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው ያለው።

በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም፣ ፎቷቸውም ጭምር አንድ ላይ እንዲገባ ተደርጓል። ያ ደብተር ስንቷን መበለት ከወንድሞቿና ከባሏ ዘመዶች ክርክር እንዳዳነ የማታውቅ የለችም። በመጀመሪያው ዙር ድንበር ይጻፍ የነበረው «በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ» እየተባለ ነበር። በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ግን ማሳው የሚሠመረው ከአውሮፕላን ወይም ከሳተላይት በተነሳ ምስል ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ማሳ ቁጥርና ካርታ ያገኛል። እንግዲህ ወንዙ አቅጣጫ ቢለውጥ፣ እገሌ ቢሞት፣ ካርታው አለ። ካርታውን የሚያነበው ግን ማን ነው? ባለሙያው ምስሉን ዘርግቶ «እማማ፣ ድንበርዎ ይኸው» ሲላት፣ እናታችን የምታየው ግራጫና አረንጓዴ ነው። አጠገቧ የቆመው የባሏ ወንድም «አዎ፣ ልክ ነው» ካለ ልክ ይሆናል። ከመካከላችን አንዲት ልጅ ያንን ምስል ማንበብ ብትችል፣ ነገሩ ሌላ ነበር የሚሆነው። ጂኦዴሲና ሪሞት ሴንሲንግ የሚሉት የእንጦጦ ትምህርት ይህ ነው፤ ጨረቃ ላይ መውጣት አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የስሜን ፓርክ ሲቃጠልም እንዲሁ ነው። የናሳ ሳተላይቶች እሳት ያለበትን ቦታ በየቀኑ መዝግበው ለዓለም ሁሉ በነጻ ይለቁታል። መረጃው ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የሚያነብ ሰው ነው።

ታዲያ ይህች የምታነብ ልጅ ከአዲ አርቃይ እንዴት ትወጣለች? መንገዷን ወደ ኋላ ብንቆጥረው፣ ከማስተርሱ በፊት በፊዚክስ፣ በሒሳብ ወይም በጂኦግራፊ ዲግሪ አለ። ዩኒቨርሲቲው ደባርቅ ድረስ መጥቶልናል፤ ሊማሊሞን መውጣት ነው። ከዚያ በፊት የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ ከዚያም በፊት የተፈጥሮ ሳይንስና የማኅበራዊ ሳይንስ መለያያው አለ። መንግሥት በ2001 ዓ.ም. አካባቢ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 70 በመቶው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይማሩ ብሎ ነበር፤ ደጁ ሰፋ ማለት ነው። የኛ ሴት ልጆች ግን እደጁ ሳይደርሱ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ፊዚክስና ሒሳብ ላይ ይቀራሉ። የሚቀሩት አእምሮ አንሷቸው አይደለም። ወንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ደብተሩን ሲከፍት፣ እሷ ጄሪካን ይዛ ትወርዳለች፤ እንጀራ ትጋግራለች፤ ቅዳሜ ገበያ ናት። ደብተሯን የምትከፍተው ሁሉም ሲተኛ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መብራት የለም ወይም ዓይኗ ተከድኗል። አማርኛና ታሪክ እየተኙም ይነበቡ ይሆናል፤ የኒውተንን ሕግ ተኝቶ መሥራት አይቻልም። በዚህ ላይ ውጤቷ ዝቅ ያለ ዕለት «ታዲያ ለምን አትዳርም?» የሚል አይጠፋም።

ጦርነቱ ደግሞ አለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ውጊያው አዲ አርቃይ ሲደርስ ስንቱ ቤተሰብ ልጁን ይዞ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት እንደተሰደደ እኔ አልነግራችሁም። ያኔ 8ኛና 9ኛ ክፍል የነበሩ ልጆች ትምህርታቸው ተቆርጧል። ፊዚክስ እንደ ደረጃ ነው፤ ሁለት ደረጃ ከጎደለ ሦስተኛው ላይ አይዘለልም። ወንዶቹ ዘግይተውም ቢሆን ይመለሳሉ። ሴቶቹ በዚያው ቀሩ፤ ከፊሎቹ ተድረዋል።

እንጦጦ ያለው ኢንስቲትዩት ይህንን ሊያስተካክል አይችልም፤ ሥራውም አይደለም። ህንዶቹ ሳተላይት ከመዋሳቸው በፊት በየመንደሩ ቴሌቪዥኑ የሚቆምበትን ቤት፣ የሚጠብቀውን ሰው፣ የሚጠግነውን ባለሙያ አዘጋጅተው ነበር። በእኛ መንደር ያ ቤት ይህ ማኅበር ነው።

ለደጋፊዎቻችንም ይህን ለመግለጽ ነው ታሪኩን ማስረዘሜ። እስከ ዛሬ በቁጠባችንም በእናንተም እርዳታ ዶሮ ገዝተናል፣ ምድጃ ሠርተናል፣ ብድር ዘርግተናል፤ መልካም ነው፣ ይቀጥል። አሁን በአባላቱ ፊት ያለው ሐሳብ ግን ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ሴት ልጆች የፊዚክስና የሒሳብ ማጠናከሪያ ነው። ቀኑ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይሻላል፤ ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ግማሾቹ አይመጡም። የሚያስፈልገው ለአስተማሪ አበል፣ የተማሪ መጽሐፍ ቅጂ፣ ቤት ወስደው የሚያጠኑበት የፀሐይ መብራት ነው። አስተማሪዋ ሴት ብትሆን ደግሞ እናቶቹ ልጆቻቸውን ሲልኩ ልባቸው ያርፋል። የልጆቹን የውሃ ተራ በዚያ ቀን የሚሸፍን ከየቡድኑ ማን እንደሆነ እየተመዘገበ ነው፤ ያልተመዘገባችሁ ለቡድን ጸሐፊያችሁ ንገሩ።